አቶ አዛኝና የአዳማ ሚዛን

አዳማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለየሱስ፣ ባሕር ዳርቻ ተቀምጠው ፀሐይ ለሚጠብሳቸው፤

እግዜር በዚያ በጅቡቲ ሙቀት ላይ ትንሽ የጥላ እጁን ይዘርጋልዎ። እኛ ደኅና ነን። እናቴ ደኅና ናት፣ ቤቱ ደኅና ነው፣ እኔም ከአንድ ጥርስ በቀር ሙሉ ነኝ። ጥርሴን በቅሎ ረግጣኝ ነው። የበቅሎዋን ጭራ ከእመት ዘውድነሽ የቅቤ ቅል ጋር ማን እንዳሰረው እስካሁን አልታወቀም። እናቴ መጻፍ ብትችል ይህን በሌላ መንገድ ትነግርዎት ነበር፤ ስለማትችል እውነቱ እኔ ዘንድ ነው።

አንድ ቀን ለእናቴ "ጋሼ ኃይለየሱስ እኮ የአክስትሽ ልጅ ብቻ ናቸው" ብላት ማማሰያ አነሣችብኝ። "በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ወንድሜ ነው!" አለች። ስለዚህ እኔም አጎቴ እልዎታለሁ። አጎት ደግሞ ለእኅቱ ልጅ ጫማ ይልካል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልኬን አልጽፍም፤ ትልቅ ይላኩ፣ እደርስበታለሁ።

የአገር ወሬ ካሉ፣ የገበያችን ሹም አርፈዋል። የወረዳው ሹም ከፋሲካ በኋላ ሌላ ይሾማል ተብሏል። ሕዝቡ የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ ጋሽ አብዱልጀባር። ከወሎ የመጡት፣ የወዳጄ የደሊል አባት። የገበያው የናስ ሚዛን በእጃቸው ነው። እሳቸው ከመዘኑ ባለቅቤውም ባለቆዳውም ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበላል። እኔ አንድ ጊዜ የሚዛኑን ድንጋይ በድንች ለውጬ ገበያውን ባስቅ፣ እሳቸው ብቻ አልሳቁም። "ልጄ፣ በሌላ ሁሉ ተጫወት፣ በዚህ አትጫወት" አሉኝ። ይኸው በሌላው ሁሉ እጫወታለሁ።

አሁን ደግሞ ተረት መፍጠር ጀምሬያለሁ። ባቡር ሲዘገይ በጣቢያው ጥላ ሥር ለተሰበሰበው ሰው አወራለሁ። የተረቴ ክፉ ሰው አቶ አዛኝ ይባላል። ቀንድ የለውም፣ ጥርሱ አያገጥጥም፤ መሐረብ ነው ያለው። አንድ አገር ይገባና ላገኘው ሁሉ ያዝናል። "ምነው ከሳህ? ማን ነካህ?" ይልና ዝም ይላል። ዋናው ዝም ማለቱ ነው። ሰው ዝምታውን መሙላት ስለሚወድ፣ ማንን እንደሚጠረጥር፣ ማንን እንደሚፈራ ይዘረግፍለታል። አዛኝ ያለቅሳል። መሐረቡ ውስጥ ሽንኩርት አለች።

የእኅትዎ ልጅ
ገሠሠ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 3 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገሠሠ፤

አምላክ ዕድሜና ልቡና ይስጥህ፤ ከሁለቱ ሁለተኛውን ያብዛልህ። ደብዳቤህን ለወዳጆቼ አነበብሁላቸው። ሽንኩርቷ ላይ ስደርስ አንዱ ከወንበሩ ወደቀ። በዚህ ከሰል በምንቆጥርበት አገር ሳቅ ውድ ነውና ባርኬሃለሁ።

የገበያውን ሹም ማረፍ ሰምቼ አዝኛለሁ። ነፍሳቸውን ይማር። ለመሆኑ ከአብዱልጀባር ሌላ የሚታሰብ ሰው የለም? ለማወቅ ያህል ነው እንጂ እኔ ከሹመት ጋር ምን አለኝ።

ለእናትህ ጥላ ልኬያለሁ። ያንተን ጫማ እያፈላለግሁ ነው። እስከዚያው አቶ አዛኝ ቀጥሎ ምን እንዳደረገ ጻፍልኝ።

አጎትህ
ኃይለየሱስ


አዳማ፣ ኅዳር 21 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለጥላው ጌታ፤

የሰጠ እጅዎ አይጠር። እናቴ ጥላውን ዝናብ በሌለበት ቀን ዘርግታ ገበያ ሄደች፤ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር።

አቶ አዛኝ ቀጥሎ ያደረገው ይህ ነው። አንዱን ሰው ጥግ ይጠራና "አንተን የሚያማ ሰው ሰማሁ፣ አንጀቴ ተቃጠለ" ይለዋል። ሰውየው "ማን ነው?" ሲል አዛኝ ደረቱን ይዞ፣ "እግዜርን እፈራለሁ፣ ስሙን አልጠራም" ይላል። አለቀ። ስም ቢጠራ ኖሮ፣ ሰውየው ሄዶ ይጠይቃል፣ ውሸቱም ይወጣል። ስም ስላልጠራ ግን ሰውየው ከልቡ ጓዳ የከረመውን ስም አውጥቶ ራሱ ይሞላዋል። ለራሱ የዋሸውን ደግሞ ማን ያስተባብለዋል?

ይህን በጣቢያው ሳወራ ደሊል፣ "ወላሂ፣ ይህ ሰውዬህ ከሰይጣን ይብሳል" አለ።

"እንዴት?"

"ሰይጣን ያሳስትሃል። ይሄ ግን ራስህን በራስህ አሳስቶ መሐረብ ያቀብልሃል።"

ከጋሽ አብዱልጀባር ሌላ ማን ይታሰባል ላሉት፣ ማንም። ቆዳ የሚያመጣው ኦቦ ሰንበታ እንኳ፣ ያ ፀሐይ ወጣች ቢሉት የማያምን ሰው፣ "እሱ ካልሆነ ቆዳዬን ቡልቡላ ወስጄ እሸጣለሁ" ብሏል።

ባዶ እግሬም እጅ ይነሣል።

ገሠሠ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለገሠሠ፤

ሰላመ እግዚአብሔር በቤታችሁ ይደር። ተረትህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰው የለበትም። አዛኝ አለ፣ የሚታለሉት ግን ስምም መልክም የላቸውም። እስቲ አዛኝ አዳማ ቢመጣ ብለህ ጻፈው። እመት ዘውድነሽን በምን ይይዛታል? ኦቦ ሰንበታንስ? እናትህንስ? ከአገር ከወጣሁ ዘመን ስለሆነኝ የሰዎቹ ጠባይ ናፍቆኛል። ሳታሳጥር ጻፍ።

ጫማው ተገኝቷል። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እልከዋለሁ።

ኃይለየሱስ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለጋሼ፣ ጥቁር ጫማ በመያዣ ለያዙብኝ፤

ጤናዎ ይብዛ፣ ትዕግሥትዎ ይነስ፤ ጫማው ቶሎ ይድረስ።

አዛኝ አዳማ ቢመጣ እንዲህ ነው። እመት ዘውድነሽ ቅቤዋ ውስጥ ድንች ትቀላቅላለች ተብላ እንዳትታማ ትፈራለች። ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ለሳቅ፤ እሷ ግን በገበያ ሁለት ሰው ቆሞ ካየች ስለ ድንች የሚያወሩ ይመስላታል። አዛኝ "ስለ ቅቤሽ የሚሉትን ሰማሁ" ቢላት ይበቃል። ኦቦ ሰንበታ ነጋዴዎች በአረብኛ ሲሳሳቁ በእሱ የሚስቁ ይመስለዋል። "አካም ነጉማ" ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ገብቶ፣ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚወጣው። አዛኝ እሱ አጠገብ ቁጭ ብሎ "እኔም አረብኛ አላውቅም" ቢለው ወንድሙ ይሆናል።

እናቴንማ አንድ ቃል ይበቃታል። "ልጅሽ።" ከዚያ ሌላ መናገር አያሻውም።

ጋሽ አብዱልጀባርን ግን አዛኝ በምንም አይገባባቸውም። ስለዚህ እሳቸውን አይነካም፤ በዙሪያቸው ያለውን ሰው ነው የሚነካው።

የመጨረሻውን ተንኮል ደግሞ ትናንት ፈጠርሁት፤ ጣቢያው በሳቅ ፈረሰ። አዛኝ የአገሩን ነጋሪት ይሰርቅና ከሚተኛበት አልጋ ሥር ይቀብረዋል። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀምጦ "ነጋሪታችን!" እያለ ከሁሉ በላይ ያለቅሳል። አልቃሽ የተቀመጠበትን ማን ይፈትሻል?

ከዚህ በኋላ አዛኝ ምን እንደሚሆን ገና አላውቅም። ጫማውን ተጫምቼ አስባለሁ።

ገሠሠ


ጅቡቲ፣ ጥር 12 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለገሠሠ፤

በጥምቀቱ ጠበል ያጽናህ። ይህን ደብዳቤና ጫማህን የሚያመጣልህ አብተው የሚባል ወዳጄ ነው። ቆዳ ለመግዛት ሊሰነብት ይችላል። እናትህ እንደ እኔ አድርጋ ታስተናግደው። ጭምት ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ያዳምጣል።

ኃይለየሱስ


አዳማ፣ መጋቢት 4 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለየሱስ፤

ሰላምታዬን ከአንድ ጥያቄ ጋር ይቀበሉኝ፤ ጥያቄው መጨረሻ ላይ ነው።

አብተው መጣ። ጫማው ልክ ነው። ጓዳችን ባለው አልጋ ተኛ፤ እናቴ ወንድሟ የመጣላት ያህል ዶሮ አረደችለት። ቆዳ ግን እስካሁን አንድም አልገዛም። ገበያ ወጥቶ የሰው ጤና ይጠይቃል።

በእስላሞቹ የጾም ወር፣ ጋሽ አብዱልጀባር ለሶላት መስጊድ ሳሉ ሚዛኑ ከመጋዘኑ ጠፋ። እጀታው፣ ሰሐኑ፣ ድንጋዩ፣ ሁሉም። ጋሼ፣ የገበያው ሚዛን ነው! በማግስቱ የመቂም የቡልቡላም ነጋዴ ቆሞ ቀረ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ድንቹን አልረሱትም። "ዘንድሮ አይደለሁም!" ብዬ ማልሁ። ጋሽ አብዱልጀባር ራሳቸው "ልጁን ተዉት" አሉ።

የወረዳው ሹም አፈርሳታ አዘዙ። እርስዎ ያውቁታል፤ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ከብቱ ያላዘነ፣ ቤቱ ያልተዘጋ የለም፤ አንዱን በግ ውሻ በላው። እያንዳንዱ ተራ በተራ ወደ ሽማግሌዎቹ እየሄደ በጆሮ ይናገራል። ስም የተናገረው ወፍ ይባላል፤ ወፍ ማን እንደሆነ አይገለጥም። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው "ወፍ ተናገረች" አሉ። ከዚያ የተናገሩት ስም አብዱልጀባር ነው። እኔ ሳቅሁ፤ ቀልድ መስሎኝ። የሳቀ ሌላ ሰው የለም።

አሁን በሹሙ ግቢ ታስረዋል። ከፋሲካ በኋላ ሚዛኑን ካልመለሱ በገበያው መሐል ይገረፋሉ፣ ከአዳማም ይባረራሉ። እኒያ ሰው፣ ጋሼ!

አብተው በዚያ ሜዳ ላይ ከሁሉ በላይ አለቀሰ። ቀደም ብሎም ከእመት ዘውድነሽ ጋር ሲነጋገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ስለ ቅቤሽ የሚያወራ አለ። እግዜርን እፈራለሁ፣ ስሙን አልጠራም" አላት። በመጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሳቄ መሐል ላይ ቆመ።

እናቴ ከአፈርሳታው ወዲህ ትሸሸኛለች። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ አታየኝም።

ጥያቄዬ፦ ተረቴን ለአብተው አንብበውለት ነበር?

ገሠሠ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 21 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለልጄ ለገሠሠ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ደብዳቤህን ሳነብ እንባዬ መጣ። አብዱልጀባር ሳያሳዝነኝ ቀርቶ አይደለም፤ የማዝነው ግን ላንተ ነው።

ከአዳማ በመጣ ሰው አንድ ወሬ ሰማሁ። ሚዛኑን ያነሣኸው አንተ ነህ እያለ ለሹሙ ሰዎች የሚያወራ አለ። አባቱን ለማስፈታት... ግን ተወው፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ ስም መጥራት ይሆንብኛል። በእናትህ ማዕድ የበላ መሆኑን ብቻ ልበልህና ልለፍ። ሰው ከሰው ማጣላት አይሆንልኝም። አንተም ሰምተህ ዝም በል።

የአገሩ ሽማግሌዎች ገበያውን እንድይዝላቸው በአብተው በኩል ልከውብኛል። እምቢ ብያለሁ። ደግመው ልከዋል። እኔ ሹመት የምፈልግ ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም እናትህ እዚያ አለች፣ አንተ አለህ። እስቲ አስባለሁ። ካሰብሁም የፈረንጅ አዲስ ሚዛን ይዤ ነው የምመጣው።

አጎትህ
ኃይለየሱስ


አዳማ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለኃይለየሱስ፤

ሰላምታ ከሌላ ሰው ይፈልጉ።

ደብዳቤዎን ባነበብሁ ቀን ደሊልን ከመስጊዱ በር ላይ ያዝሁት። "አባትህን ለማስፈታት እኔን ትሸጣለህ?" አልሁት። እሱ አፉን ከፈተ። አፉን ሳይዘጋ መታሁት። አብረን ያደግን ልጅ፣ አባቱ የታሰሩበት፣ በጾሙም በፍስኩም በእኛ ቤት የሚበላ። አፍንጫው ደማ። መልሶ አልመታኝም። "ማን ነገረህ?" አለ ብቻ።

"አጎቴ።"

"ስሜን ጠርቶ?"

 ጋሼ፣ ስሙን አልጠሩም። እኔ ነኝ የሞላሁት። ይህን ተንኮል በጣቢያው ጥላ ሥር በገዛ አፌ የፈጠርሁ፣ በየባቡሩ ስለሱ የማወራ፣ ሰው ሁሉ ሲታለል የምስቅ እኔ፣ ወረቀት ላይ ሲመጣልኝ እንደ እንጀራ ቆርሼ በላሁት። ደሊል አፍንጫውን በእጅጌው ይዞ ሄደ።

ቤቴ ገባሁ። ቀን ነው፣ አብተው ገበያ ነበር። "አልቃሽ የተቀመጠበትን ማን ይፈትሻል?" ብዬ የጻፍሁልዎት ትዝ አለኝ። አልጋውን አነሣሁ። አፈሩ ለስላሳ ነበር። ብዙም አልቆፈርሁ፤ የናሱ ሰሐን ብልጭ አለብኝ።

ዘወር ብል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። "ክደነው" አለች። "ልጄ፣ ቶሎ ክደነው፣ ሰው ይመጣል።"

"ታውቂ ነበር?"

ያን ጊዜ ሁሉንም አወራችው። አብተው ጓዳ ጠርቶ ሚዛኑን አሳያት። "እትዬ ተሻለች፣ ልጅሽ ነው ያመጣው፤ እንደ ድንቹ ቀልድ መስሎት" አላት። እኔን ሊጠይቅ አይገባም፣ ልጁ ይደነግጣል፣ ይሸሻል አለ። "እኔ አልናገርም። ግን በአፈርሳታው ሌላ ስም ካልወጣ የልጅሽ ጀርባ አለቀ" አላት። ማልቀስም አልቀረው። እናቴም ተራዋ ሲደርስ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዳ፣ መጋዘኑ በእጃቸው የሆነውን የጋሽ አብዱልጀባርን ስም ተናገረች።

ወፏ እናቴ ናት። ያስተማርሁዎት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ይበቃታል ብዬ ጽፌልዎት ነበር፤ ያችኑ አንድ ቃል ላኩላት።

በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችዎትን ሴት! ጫማዎን አውልቄያለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በባቡር ተልኳል።

ገሠሠ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለገሠሠ፤

ተረት መፍጠር ስለለመደብህ፣ ያልሆነውንም የሆነ ታስመስላለህ። ወጣትነትህ ነው፣ አልቀየምህም።

አንድ ነገር ግን አስብ። ሚዛኑ የተገኘው በማን ቤት ነው? የድንቹን ቀልድ የሠራው ማን ነው? በሽማግሌ ፊት ምላ ስም የተናገረችው ማን ናት? ብትናገር የሚገረፈው አብተው አይደለም። ለእናትህ ስትል ዝም በል፤ እኔም ለእሷ ስል ዝም እላለሁ።

አብተው ሚዛኑን ራሱ በሚያውቀው ቦታ "ያገኘዋል"። አብዱልጀባርም ሳይገረፍ ከአገር ይወጣል፤ ለዚህ እኔ እለምንለታለሁ። ሁሉም ሰው በሰላም ይኖራል። ከዚህ የተሻለ ካለህ ንገረኝ።

የግንቦት ልደታ ማግስት ቅዳሜ በባቡር እገባለሁ። በቅሎ ይዘህ ጠብቀኝ። ሰውም ይኑር፣ ዘፈን ቢኖርም አይከፋም።

ኃይለየሱስ


አዳማ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለኃይለየሱስ፤

ይህ ደብዳቤ ከመሳፈርዎ በፊት ይደርስዎት ዘንድ ለባቡሩ ነጂ ለምኜ ሰጥቻለሁ። ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ያስፈልግዎታል።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብሁላት። አብተው እንደተነቃበት አውቆ፣ ሚዛኑን እንደተቀበረ ትቶ በዚያው ቀን ወደ ድሬዳዋ ተሳፈረ፤ ቆዳ ሳይገዛ።  በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ጋሽ አብዱልጀባር የሚፈረድባቸው ቀን፣ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሹሙ ወንበር ላይ፣ ጋሽ አብዱልጀባር ሰንሰለት ላይ፣ ደሊል ከአባቱ ኋላ።

እኔ ቀድሜ ተነሣሁ። እናቴን ሳልነካ ነገሩን የማወጣው መስሎኝ ነበር፤ ብልጥ ነኝና። "ሹሜ፣ አንድ ተረት ይፍቀዱልኝ" አልሁ። ፈቀዱ። አቶ አዛኝን ከመሐረቡ ጀምሮ አወራሁት። በየተራው ፊታቸውን እያየሁ፣ ቅቤውን፣ አረብኛውን፣ አልጋውን። አዳማ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ጥርሳቸውን ሸፈኑ። ስጨርስ "አዛኙ ማን እንደሆነ አወቃችሁ?" ብዬ ጮህሁ።

"እንዴት አናውቅም!" አለች እመት ዘውድነሽ ሆዷን ይዛ። "አብተው ነው። የላከውም የእናትህ ወንድም ነው። ዕውር ነን እንዴ?"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አዛኝ ቢሆንስ? የእኔ አዛኝ ነው። ቅቤዬን የሚያሙትን እቀጣልሻለሁ ብሎኛል።"

ኦቦ ሰንበታ ደግሞ እየሳቀ፣ "የተታለለው ሌላው ነው፤ እኔ አውቄ ነው የተቀመጥሁት። ዘንድሮ እንኳ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ" አለ። በዙሪያው ያሉት ሁሉ እንዲሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ፣ አጣጣልሁዎት እንጂ እርስዎ ከእኔ በላይ አዋቂ ነዎት። እኔ ሰው ተንኮሉን ካየ የሚነቃ መስሎኝ ነበር። እያንዳንዱ ጎረቤቱን በግ ራሱን እረኛ አድርጎ ተቀምጧል። የእርስዎን ስም መጥራት ጀመሩ፤ "ኃይለየሱስ ይምጣልን!" እያሉ። ጋሽ አብዱልጀባር ያን ሁሉ ዘመን የመዘኑለትን ሕዝብ አንድ በአንድ ያዩት ነበር። ዓይኑን የሰበረላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች። ነጠላዋ ውስጥ የጠቀለለችውን ሹሙ እግር ሥር አስቀምጣ ፈታችው። የናሱ ሰሐን ፀሐይ ሲያገኘው ሰዉ ለማየት ወደ ፊት ተገፋ።

"ወፏ እኔ ነኝ" አለች።

ሽማግሌዎቹ "ኧረ ሴትዮ፣ ወፍ አትገለጥም!" ብለው ተነሡ።

"እኔ ተገለጥሁ። የተናገርሁት ያየሁትን አይደለም፣ የፈራሁትን ነው። ሚዛኑ ከቤቴ ነው የወጣው። የቀበረው እንግዳዬ ነው፣ እንግዳውን የላከው ወንድሜ ነው። ልጄ እጁ የለበትም፤ ካላመናችሁ ጅራፉ በእኔ ጀርባ ይለፍ።"

በዚህ የሳቀ ሰው አልነበረም።  ሹሙ ሰንሰለቱን ፍቱ አሉ። እናቴን አላስገረፉም፤ "የበደልሽውን ሰው ራስሽ ታረቂ" ብለው ሰደዷት። ሹመቱን በዚያው ለጋሽ አብዱልጀባር ሊሰጡ ቢጠሯቸው፣ እሳቸው ሚዛኑን ከመሬት አንሥተው በእጅጌያቸው ጠረጉና ሹሙ ፊት መለሱት። "ስሜ በጆሮ የተሸጠበት ገበያ ነው፤ ከእንግዲህ ቅቤውን ራሱ ይመዝን" አሉ። እነሆ ቤታቸውን ጭነው ወደ ቡልቡላ ወጡ። ደሊልም አብሯቸው ሄደ። የእርስዎን ስም የሚጠራው ግማሽ ገበያ አሁንም ይጠራል፤ ሹሙም "ራሱ ይምጣና እንስማው" ብለዋል። ስለዚህ ሹመቱ አልሞተም፤ ደስ ይበልዎ።

ከመሄዳቸው በፊት እናቴ እንደ ወጉ ይቅርታ ልትለምን ከወንዝ ዳር ድንጋይ መርጣ፣ በጫንቃዋ ተሸክማ፣ በገበያው መሐል ለመሐል አልፋ ከጋሽ አብዱልጀባር ደጅ ተንበረከከች። ሰው ሁሉ ያያት ነበር። ጋሽ አብዱልጀባር ከጭነቱ ተነሥተው መጡና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላት። "ለልጅ ብለሽ ነው፣ እትዬ። አላህ ይማርሽ" አሉ። እኔም የራሴን ተሸክሜ ከኋላዋ ነበርሁ። የእኔን የሚያወርደው ደሊል ነው። ብዙ አቆመኝ። አንገቴ ሊሰበር ሲል አወረደው፤ ግን ፊቱን አዙሮ በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ።

ቅዳሜ ሲወርዱ ጣቢያው ላይ ከእኛ ቤት ሰው ባያዩ አይደንግጡ። እናቴ ለእርስዎ የሚሆን ድንጋይ መርጣ ደጃፋችን ላይ አስቀምጣለች፤ ቤቱን ያውቁታል። ከመግባትዎ በፊት ያንን ያነሣሉ። ቡልቡላ፣ ጋሽ አብዱልጀባር ደጅ ድረስ ነው። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ እርስዎ ግን ቀስ ብለው ይሂዱ፤ እናቴ መንገድ ላይ እንዳይደክምዎ ብላ ስንቅ እየቋጠረችልዎ ነው።

ገሠሠ